ሕገ መንግሥት በወረዳ ችሎት፦ የአሜሪካ የፍትሕ መሠረተ ሐሳቦች ከመካነ ሰላም ሲታዩ

የአሜሪካ የፍትሕ ሥርዓት የቆመባቸው መሠረተ ሐሳቦች፣ ማለትም የሕግ የበላይነት፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ ተገቢውን የሕግ ሥርዓት ሳይከተሉ ሰውን አለመቅጣት፣ ተከሳሽን ንጹሕ አድርጎ መገመትና ፍርድ ቤት ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር የማመሳከር ሥልጣን፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጨርሶ ባዕድ አይደሉም። አብዛኞቹ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ በግልጽ ሰፍረዋል፤ አንዳንዶቹም ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቀደም ብለው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኩል ከአሜሪካ ገብተዋል። ስለዚህ ሁለቱን ሥርዓቶች አጎራብቶ ለሚመረምር ሰው ዋናው ጥያቄ የትኛው አገር የትኛውን መብት ጻፈ የሚለው ሳይሆን፣ የተጻፈው መብት ሲጣስ ማን፣ የትና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ያስከብረዋል የሚለው ነው። ጥያቄው ከዋና ከተማ ይልቅ ከአንድ የወረዳ ችሎት ሆነው ሲያዩት ይጠራል፤ ምክንያቱም ከአብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ ጋር በቅርብ የሚገናኘው ፍርድ ቤት እርሱ ነው።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ እያቆለቆለ ከምሥራቅ ጎጃም ጋር ይዋሰናል፤ ከተማዋም ከዞኑ ዋና ከተማ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከቆላው ቀበሌ የተነሣ ባለጉዳይ መጀመሪያ ዳገቱን ወጥቶ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ይግባኝ ካለ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ አማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። ከደሴ አዲስ አበባ ብቻውን 400 ኪሎ ሜትር ነው። ፍትሕ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ለማንኛውም ሰው የተሰጠ ቢሆንም፣ የመሳፈሪያና የማደሪያ ወጪ፣ በእርሻ ወቅት የሚባክን ቀንና የቀጠሮ ብዛት የዚህን መብት ትክክለኛ ስፋት ይወስናሉ። ይህን እውነታ ያልቆጠረ የሕገ መንግሥት ትንታኔ ጎደሎ ነው።

የሕግ የበላይነት የሚባለው ሐሳብ፣ ገዢም ተገዢም ከሕግ በታች ናቸው የሚለው፣ በወሎም ሆነ በመላው የአማርኛ ተናጋሪ ምድር ሥር የሰደደ መነሻ አለው። «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተጠራበት ሰው ባለበት ይቆማል፤ ተካሳሾች መንገደኛን አስቁመው ዳኛ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ብሂልም የተገቢ ሥርዓትን ሐሳብ ማንም የሕግ መጽሐፍ ሊገልጸው ከሚችለው በላይ አጥርቶ ይዞታል፤ የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር መጠን ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ነውና። ነገር ግን ከዚሁ ባህል ጎን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል ሌላ ብሂል ኖሯል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 እ.ኤ.አ. ሲረቀቅ ለመዝጋት የሞከረው ይህንን ቀዳዳ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 9 ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከእርሱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ደንግጓል።

ሁለቱ ሥርዓቶች የተገናኙበት የታሪክ አጋጣሚ በቂ ትኩረት አላገኘም። የ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከጃፓን ብዙ ሲወስድ፣ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዝግጅት ላይ ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አማካሪ የነበረው አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ጆን ስፔንሰር ድርሻ ነበረው። የዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንደማያጣ ሲደነግግ፣ ቃሉ በ1791 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የአሜሪካ አምስተኛ ማሻሻያና በ1868ቱ አሥራ አራተኛ ማሻሻያ ውስጥ ያለው ነው። ያው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዝዞ፣ ፍርድ ቤቱ በእግር ካልሆነ የማይደረስበትና ጉዞው 48 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ማራዘም እንደሚችል ጨምሯል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከሌላ አገር የተቀዳ አይመስልም፤ እንደ ቦረናና እንደ ሳይንት ያሉ መኪና ያልደረሰባቸውን አገሮች የሚያውቅ ሰው ያስገባው ይመስላል። ሕጉ ሲጻፍ ገደሉና ወንዙ ታስበው እንደነበር የሚያሳይ እንዲህ ያለ ማስረጃ በሕግ መጻሕፍታችን ውስጥ ብዙ አይገኝም።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ እንደ ስታንሊ ፊሸርና ሮበርት ሴድለር ያሉ አሜሪካውያን መምህራንም የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ማስተማሪያዎችን አዘጋጅተዋል። ያስተማሩት ሕግ ግን የአሜሪካ አልነበረም። የወንጀለኛ መቅጫው የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩ የፈረንሳዩ ረኔ ዳቪድ ረቂቆች ሲሆኑ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ከእንግሊዝ ሕግ ብዙ ወስዷል። በአህጉራዊው የአውሮፓ ሥርዓት ዳኛው እውነቱን ራሱ ይፈልጋል፤ በእንግሊዝና በአሜሪካው ደግሞ ተከራካሪዎች ማስረጃቸውን ይዘው ይሟገታሉ፣ ዳኛው ያዳምጣል። የኢትዮጵያ ችሎት የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ በወረዳ ችሎት አንድ ዳኛ ምስክሩን ራሱ አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ሌላው ዝም ብሎ ዐቃቤ ሕጉና ተከሳሹ እስኪጨርሱ ሲጠብቅ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የ48 ሰዓቱ ደንብ የሁለቱን አገሮች ንጽጽር ከሚያስተምሩ ምሳሌዎች ዋነኛው ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በአሜሪካ ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው ለመያዙ በቂ ምክንያት መኖሩን ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያረጋግጥ የተወሰነው በ1991 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካሊፎርኒያው የሪቨርሳይድ አውራጃ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው። በጽሑፍ ረገድ ኢትዮጵያ ቀድማለች። ልዩነቱ የሚመጣው ከ48ኛው ሰዓት በኋላ ነው። በኢትዮጵያ መርማሪ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ቢገድብም፣ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አይናገርም።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ቀረብ ብለው ሲያዩት እንዲህ ይሄዳል። መዝገቡ ይጠራል፤ ተጠርጣሪው በፖሊስ ታጅቦ ይቆማል፤ መርማሪው የምስክር ቃል መቀበል ይቀራል፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣም፣ ግብረ አበር አልተያዘም ብሎ 14 ቀን ይጠይቃል። ዳኛው ተጠርጣሪውን ምን ትላለህ ሲለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ የሌለው ተጠርጣሪ ስለ ቀጠሮው ሳይሆን ስለ ዋናው ነገር፣ እንዳልሠራው ወይም ቤተሰቡ እንደተቸገረ ይናገራል። የመብቱ ዕድል የሚወሰነው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው፦ ዳኛው መርማሪውን ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራህ፣ የቀረውስ ሥራ ይህን ሰው አስሮ ማቆየትን ለምን ይጠይቃል ብሎ መጠየቁና አለመጠየቁ። ይህን የሚያስገድድ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቅደው ለምርመራው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ብዙ የጊዜ ቀጠሮ ትእዛዞች ግን አስፈላጊነቱን ሳያብራሩ በሁለት መስመር ያልቃሉ፤ ይህም የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ነው ማለት ይቻላል።

ዝም የማለት መብት አንባቢው ከአሜሪካ ፊልሞች የሚያውቀው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 እ.ኤ.አ. በሚራንዳ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመጠየቁ በፊት ዝም ማለት እንደሚችል፣ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው እንዲነግረው አስገድዷል። ከዚያ በፊት በ1961 በማፕ ጉዳይ ከሕግ ውጭ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክልል ፍርድ ቤቶችም ውድቅ እንዲሆን ተወስኗል። በኢትዮጵያ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት እንዲነገረው ያዘዘው ሚራንዳ ከመወሰኑ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። በአካባቢው የቀድሞ ልማድ የአውጫጭኝ ወይም የአፈርሳታ ሥርዓት ከዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አይለቀቅም፣ ካልታወቀም በጋራ ይቀጣ ነበር። የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለምርመራ መጠቀሙ ብልሃት ቢሆንም፣ ኃላፊነት የግለሰብ ነው፣ ማስረዳት ያለበትም ከሳሹ ነው ከሚለው ከአንቀጽ 20 መርሕ ጋር ግን አይታረቅም። ንጹሕ ሆኖ መገመት ለሕግ ባለሙያ ቀላል፣ ለተበደለ ጎረቤት ግን ከባድ ትምህርት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዋስ መብት ላይ ሁለቱ አገሮች በተለያየ መንገድ ይቸገራሉ። የአሜሪካ ስምንተኛ ማሻሻያ ከመጠን ያለፈ ዋስትናን ይከለክላል፤ ሆኖም በብዙ ክልሎች ዋስትናው ገንዘብ በመሆኑ ድኻ ተከሳሽ የሚጠየቀውን ማስያዝ አቅቶት ታስሮ ይቆያል፤ ገንዘቡን በክፍያ የሚያሲዙ ነጋዴዎችም አሉ። በኢትዮጵያ ዋስትና መርሕ፣ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተበዳዩ የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ዋስትና አይፈቀድም፤ በሌሎች ጉዳዮች ዳኛው በአንቀጽ 67 መሠረት ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል ብሎ ካመነ ሊከለክል ይችላል። በገጠር ወረዳ ዋስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ንብረት ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ነውና፣ መብቱ ዘመድ አዝማድ ላለው ሰው ይቀርባል፤ ለእንግዳና ለቀን ሠራተኛ ግን ይርቃል።

ስለ ዋስትና ሲነሳ በ1993 ዓ.ም. የተፈጸመው አይዘነጋም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በታሰሩ ጊዜ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ብዙ ሳይቆይ በወጣ የሕግ ማሻሻያ በሙስና ወንጀል የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው ተደረገ። በአሜሪካ የሥልጣን ክፍፍል ትምህርት ይህ ድርጊት ሁለት ጥሰት አለበት፦ አስፈጻሚው የፍርድ ቤትን ትእዛዝ አላከበረም፣ ሕግ አውጪውም በሂደት ላይ ያለን የታወቀ ጉዳይ ውጤት ለመለወጥ ሕግ አወጣ። የዳኛዋ ትእዛዝ ሳይፈጸም መቅረቱ ግን ትእዛዙን ከንቱ አላደረገውም፤ ከዚያ በኋላ የዳኝነት ነጻነት በተነሣ ቁጥር ሰው የሚጠቅሰው እርሱን ነው።

የጠበቃ መብት ላይ የአሜሪካ ልምድ ልብ የሚነካ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ክላረንስ ጊዲየን የተባለ የፍሎሪዳ ድኻ እሥረኛ በእርሳስ በጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልሎች በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ አቅመ ቢስ ሁሉ ጠበቃ እንዲያቆሙ ወሰነ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ተመሳሳይ መብት ቢሰጥም፣ ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከማጣቱ በላይ በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል መሆን አለበት። ተከላካይ ጠበቆች በብዛት የሚገኙት በከፍተኛ ፍርድ ቤቶችና ከዚያ በላይ ነው፤ በወረዳ ደረጃ ግን ባለጉዳዩን በቅርብ የሚያገለግለው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነው። የመሬት ይዞታ ክርክር፣ የወሰን መግፋት፣ የቀለብና የውርስ ክስ የሚጀምረው በእርሱ ብዕር ነው፤ ማመልከቻው ላይ የጎደለ ፍሬ ነገር ወይም የተዛባ ዳኝነት ደግሞ እስከ ሰበር ይከተላል። ስለ መብት ሲጻፍ ይህ ሰው ጨርሶ አለመጠቀሱ ስህተት ነው፤ ለራፖር ጸሐፊዎች የሚሰጥ ጥቂት ሥልጠና ከአንድ ጉባኤ በላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዜግነት ያልወሰዱ ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የ2010 እ.ኤ.አ. የፓዲያ ውሳኔ ቢያውቁ መልካም ነው፤ ጠበቃ የውጭ ዜጋ ደንበኛውን ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስወጣው እንደሚችል የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት።

የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ፣ በአሜሪካ ከተራ ዜጎች ተመርጦ ስለ ፍሬ ነገሩ የሚወስነው ጁሪ፣ በኢትዮጵያ የለም፤ ሕዝብ በፍርድ ላይ የሚሳተፍበት ቦታ ሽምግልና ነው። በወሎ ገጠር ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼኾች አብረው ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ፤ የገዳይ ወገን ካሣ ይከፍላል፣ ሁለቱ ወገኖች ይማማላሉ፣ ቂም በቀል ይቆማል። በሕጉ ዓይን ግን ግድያ በመንግሥት ላይም የተፈጸመ በደል ስለሆነ ዕርቁ የዐቃቤ ሕጉን ክስ አያስቀርም። ችግሩ ከዕርቅ በኋላ ምስክር ቃሉን ማጠፉ፣ መዝገቡም ማስረጃ አጥቶ መዘጋቱ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚያዩ ሰዎች አሜሪካንም በቅጡ አላጠኑም፤ በዚያ አገር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የጥፋተኝነት ውሳኔ የሚገኘው በጁሪ ክርክር ሳይሆን ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ተደራድረው ተከሳሹ ባነሰ ክስ ጥፋተኛ ነኝ በማለቱ ነው። በአሜሪካ የሚደራደረው መንግሥት ነው፣ የተበዳይ ቤተሰብ ዳር ይቀመጣል፤ በወሎ የሚደራደሩት ቤተሰቦቹ ናቸው፣ መንግሥት ዳር ይቀመጣል። የተሻለው ሥርዓት ሁለቱንም በአንድ መዝገብ የሚያስቀምጥ፣ ዕርቁ በቅጣት ማቅለያነት የሚቆጠርበት ነው።

ስለ ፌዴራላዊነት በአጭሩ፣ የአሜሪካ 50 ክልሎች የየራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው፤ አንድ ድርጊት ከወንዝ ማዶ ወንጀል ባይሆን አያስገርምም። በኢትዮጵያ በአንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ በዋናነት ፌዴራል በመሆኑ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምም ቢሄድ ሕጉ አንድ ነው። የፌዴራል ጉዳዮችም በአማራ ክልል የሚታዩት በአንቀጽ 80 በተሰጠ ውክልና ነው፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛው ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰጥቷል። ስለዚህ የፌዴራል የሆነ ጉዳይ የያዘ የመካነ ሰላም ሰው ከጅምሩ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ትልቁ ልዩነት ግን ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ነው። በ1803 እ.ኤ.አ. በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ከሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረን ሕግ ሕግ አይደለም፣ ይህንንም መናገር የፍርድ ቤት ተግባር ነው ብሎ ወሰነ። የክርክሩ መነሻ የአንድ ሰው የሰላም ዳኝነት ሹመት ደብዳቤ አለመድረስ ነበር፤ የዓለምን የሕገ መንግሥት ታሪክ የለወጠው ጉዳይ የተነሣው ከአጥቢያ ዳኛ ሹመት ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ክፍል የየክልሉ ዳኞች ሁሉ በእርሱ እንደሚገዙ ስለሚናገር፣ በገጠር አውራጃ የተቀመጠ ዳኛም ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ሕግን ወደ ጎን ማድረግ ይችላል። በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የቃል ኪዳን ሰነድ ስለሆነ ትርጉሙም የእነርሱ መሆን አለበት የሚል ነው። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ትርጉሙ ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለተርጓሚ ኮሚሽን ነው የተተወው። የምክንያቱ ክብደት አይካድም፤ ነገር ግን የፖለቲካ አካል በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቶቹ የሥልጣን ዘመን የመራዘሙን ጥያቄ የወሰነው፣ የራሱም ዘመን በጥያቄው ውስጥ የነበረው ይኸው ምክር ቤት ነው፤ ሰኔ 3 ቀን ውሳኔው ከመሰጠቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀዋል።

ይሁን እንጂ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ለወሎ ሰው በቀጥታ የሚጠቅም ውሳኔም ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. በአንዲት የአዲስ አበባ ሴት የውርስ ክርክር፣ ሴትዮዋ ፈቃዷን ሳትሰጥ ጉዳዩን ያየው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ይህንን ያጸኑት የበላይ ፍርድ ቤቶች ውሳኔም ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኗል። መሠረቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ሲሆን፣ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው ይላል። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤን ተከትሎ ሙስሊሙ በዐዋጅ እንዲጠመቅ በተገደደበት፣ ዛሬ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ ምድር፣ የሃይማኖት ዳኝነት በፈቃድ ላይ ይቁም የሚለው መርሕ ጥልቅ ትርጉም አለው። የአሜሪካ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሃይማኖት ፍርድ ቤትን በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ጨርሶ አያስገባም፤ የኢትዮጵያው መንገድ አስገብቶ በፈቃድ መገደብ ነው። ሴቶች በቤተሰብ ጫና ፈቃድ እንዳይሰጡ የሚያደርግ ጥበቃ እስካለ ድረስ የኢትዮጵያው መንገድ ለአካባቢው ይበልጥ ይስማማል።

አሰፋ ፍስሐና ጌታቸው አሰፋን የመሰሉ የሕገ መንግሥት ምሁራን በስፋት የጻፉበት ክርክር የሚያነሣው ጥያቄ፣ መተርጎም ለምክር ቤቱ ከተሰጠ ለዳኞች ምን ቀረ የሚል ነው። መልሱ ብዙ ቀርቷል የሚል መሆን አለበት። አንቀጽ 13 የሰብዓዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በየትኛውም ደረጃ ባሉ የዳኝነት አካላት ላይ ጭኗል፤ ግልጽ የሆነን ድንጋጌ መፈጸም አከራካሪን ከመተርጎም ይለያል። የፌዴራል ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የልጅ አስተዳደግን ክርክር ሲወስን የሕፃኑን ጥቅም ያስቀደመው ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በቀጥታ ጠቅሶ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በተግባር የአሜሪካን የቀደምት ፍርድ ሥርዓት የመሰለ ነገር በኢትዮጵያ ተክሏል፤ የወረዳ ዳኛም ይህን መዝገብ ጠቅሶ በሕገ መንግሥቱ ከመሥራት የሚከለክለው ሕግ የለም።

የዚህ ሁሉ ፈተና የሚመጣው በአደጋ ጊዜ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ የታወጀውና እስከ ግንቦት 2016 መጨረሻ አካባቢ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ ሥርዓት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማሰርን ፈቅዷል። በአንቀጽ 93 መሠረት ሊገደቡ የማይችሉት መብቶች ጥቂት ናቸው፤ አንቀጽ 18 የሚከለክለው ኢሰብአዊ አያያዝና አንቀጽ 25 የሚያረጋግጠው እኩልነት ከእነዚህ ውስጥ ሲሆኑ፣ 48 ሰዓቱን የያዘው አንቀጽ 19 ግን የለበትም። የአስቸኳይ ጊዜውን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ይኸው አንቀጽ ያዝዛል። አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1861 እ.ኤ.አ. የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የታሰረን ሰው ዳኛ ፊት የማቅረብ መብትን አግደዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1866 በሚሊጋን ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ክፍት በሆኑበት ስፍራ ሲቪል ሰው በወታደራዊ ሸንጎ ሊዳኝ አይችልም ብሏል። ያ ፍርድ የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ቢሆንም መጥቷል። በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ አንቀጽ 19 ሙሉ ኃይሉን ያገኛል፤ ያለ ሕግ ታስሬያለሁ የሚል ሰው አካሉን ነጻ ለማውጣት የሚያቀርበውን አቤቱታ ግን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 177 ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሰጠው። ለመካነ ሰላም እሥረኛ ይህ ማለት አቤቱታ አስጽፎ ዘመዱን 180 ኪሎ ሜትር መላክ ነው። ሥልጣኑን ለወረዳ ፍርድ ቤት ማውረድ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ አዋጅና በጊዜ ቀጠሮው መዝገብ ላይ አስፈላጊነቱን ጽፎ ለመፈረም የማይሰንፍ ዳኛ ነው።